«ዕቁቡን በልቶ ጠፋ» ከማለታችን በፊት በራችንን እንፈትሽ

ወገን! ዛሬ ስለ ቶረንት ነው የማወራችሁ። «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት አጀንዳ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ግን ታገሱኝ። በዚህች ትንሽ በምትመስል ነገር ሰበብ ጓደኛ ከጓደኛ ሲቆራረጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት በጎ ፈቃደኛ መምህራን ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ ትምህርት በቪዲዮ ቀርጸው «በነፃ ለልጆቹ አድርሱልን» ብለው ሰጡን። መጠኑ 4 ጊጋባይት። በየከተማው ያለን ልጆች ሃምሳ እንሆናለን፤ ሁላችንም አንድ አንድ ቅጂ አውርደን በየሰፈራችን ላሉ ተማሪዎች በፍላሽ ልናዳርስ ተስማማን። በቶረንት ይሁን ተባለ። ኔትወርክ ቢቆራረጥ ካቆመበት ይቀጥላላ! የሚደርሰን ቁራጭ የተበላሸ አለመሆኑንም ፕሮግራሙ ራሱ ያረጋግጣል።

ሦስት ቀን አለፈ። አንዱ 40 በመቶ ላይ ቆሟል፣ ሌላው 63 ላይ፣ ሌላው 71 ላይ። ፋይሉን መጀመሪያ ከለቀቀው ልጅ ሌላ 100 የደረሰው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ራሱ በላከልን ስክሪንሾት ላይ አፕሎዱ ዜሮ! ከዚያማ ግሩፑ ተቀጣጠለ። «ዕቁቡን በልቶ ጠፋ» አለ አንዱ። «እሱ ድሮም እንደዚህ ነው» አለ ሌላው። ልጁ «ኧረ ላፕቶፔን ሌት ተቀን አልዘጋሁትም» ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? ተቀየመና ከግሩፑ ወጣ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ልጁ ግን እውነቱን ነበር። ላፕቶፑ ክፍት ነው፣ ፋይሉም አለ፣ እሱም መስጠት ይፈልጋል። የተዘጋው በሩ ነው። ይባስ ብሎ የከሳሾቹም በር ተዘግቶ ነበር። የኔም ጭምር።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እኛ ዘንድ አፕሎድ አልንቀሳቀስ ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስስት አይደለም፣ የተዘጋ በር ነው። ሰው ከመውቀሳችን በፊት በር መፈተሽ አለብን። በሩን መክፈት የሚችል ሰው ደግሞ ለማይችሉት ጭምር መክፈት አለበት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ሃምሳ ሎሚ

ቶረንትን ያወጣው ብራም ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው፣ በ2001 እ.ኤ.አ.። ሐሳቡ ግን ለኛ አዲስ አይደለም፤ ደቦ ነው። ፋይሉ በትንንሽ ቁራጭ ይከፋፈላል። አንድ ቁራጭ የደረሰው ሰው እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ያንን ቁራጭ ለሌላው ማቀበል ይጀምራል። ሁሉም ተቀባይ ነው፣ ሁሉም ሰጪ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እስቲ በቁጥር እንየው። አፕሎዱ 1 ሜጋቢት የሆነ ሰው በሰከንድ የሚልከው 125 ኪሎባይት ነው (8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ)። 4 ጊጋባይት ለአንድ ሰው ለመላክ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ለሃምሳ ሰው ብቻውን ልላክ ካለ 18 ቀን ተኩል! ሌት ተቀን፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ኔትወርክ ሳይቆረጥ። ሃምሳውም እየተቀበሉ ካቀበሉ ግን እሱ በመሠረቱ አንድ ሙሉ ቅጂ ቢያወጣ ይበቃል፤ ሌላውን እርስ በርሳቸው ይጨርሱታል። በወረቀት ላይ ያው 9 ሰዓት ገደማ ነው። በተግባር ይረዝማል፣ ቢሆንም የአንድና የሁለት ቀን ጉዳይ እንጂ የሳምንታት አይደለም።

ሌላም አለ። ፕሮግራሙ ውለታ ያውቃል። በመነሻ ንድፉ በየ10 ሰከንዱ «ማን ነው እየሰጠኝ ያለው?» ብሎ ያያል፣ ለሚሰጡት ቅድሚያ ይሰጣል። በየ30 ሰከንዱ ደግሞ ምንም ላልሰጠ አንድ ሰው ዕድል ይሞክርለታል፤ አዲስ ገቢ ባዶ እጁን ነውና የመጣው። ስለዚህ አፕሎዳችሁ ሲሞት ዳውንሎዳችሁም ይታመማል። «እኔ አፕሎድ ምን ያደርግልኛል?» የምትሉ ይቺን ያዙልኝ።

ዘበኛው

አሁን ወደ በሩ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ራውተራችሁ የብሎኩ ዘበኛ ነው። እናንተ ወጥታችሁ አንድ ሰው ብትጠሩ ዘበኛው ይመዘግባል፣ መልስ ይዞ የመጣውንም ያስገባዋል። ዳውንሎድ የሚሠራው ለዚህ ነው። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ እንግዳ «እገሌን ፈልጌ ነበር» ቢል ግን ዘበኛው የትኛው በር እንደሆነ ስለማያውቅ ይመልሰዋል። ከእናንተ ቁራጭ ሊወስድ የመጣው ሰው እንዲህ ነው ከደጅ የሚመለሰው። እናንተ ቤት ቁጭ ብላችሁ «ማንም አልመጣም» ትላላችሁ፣ እሱ ደግሞ «ሰውዬው አልከፍት አለ» ይላል።

ፖርት መክፈት ማለት ለዘበኛው ትእዛዝ መስጠት ነው፦ «በዚህ ቁጥር የመጣ እንግዳ ወደኔ ቤት ይምጣ።» አለቀ።

ችግሩ ከብሎኩ ዘበኛ በላይ የሳይቱ ዋና በር ላይ ሌላ ዘበኛ ያለ እንደሆነ ነው። እሱ የእናንተን ትእዛዝ አይቀበልም። ይሄ ሲጂናት የሚሉት ነው። የድሮዎቹ የኢንተርኔት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ለዓለም የሚያከፋፍለው ማዕከላዊ መጋዘን በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ጥቅሎች አድሎ ጨርሷል። ስለዚህ አቅራቢዎች አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያጋራሉ። በተለይ በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከዋናው በር ጀርባ መሆናችሁ አይቀርም።

ቁልፉ እዚህ ጋ ነው፣ ልብ በሉ። በሩ የተዘጋ ሰው በሩ ክፍት ወደሆነ ሰው ሄዶ ማንኳኳት ይችላል። አንዴ ከተገናኙ ደግሞ መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ነው፤ መስጠትም መቀበልም ይችላሉ። ሁለቱም የተዘጉ ከሆኑ ግን አንዳቸው ሌላውን ቤት አያገኙም። በመሃላቸው በር አስከፋች የሚሆን ክፍት ሰው ካለ በቀጥታ የሚያገናኙ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ሁሌ አይሳካም።

የኛ ግሩፕ የሆነው ይሄው ነበር። ፋይሉን የለቀቀው ልጅ መጀመሪያ የነበረው በሩ ክፍት የሆነ ዘመድ ቤት ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰና በስልኩ ሆትስፖት ቀጠለ። በዚያች ቅጽበት ሃምሳ የተዘጋ በር ብቻ ቀረን። ሁሉም ባለበት ቆመ። ከዚያ መሰዳደብ ጀመርን!

በተራ እንፈትሽ

እሺ፣ ምን እናድርግ? ከቀላሉ ጀምሩ።

አንደኛ፦ የሚፈልግ ሰው አለ ወይ? የተገናኟችሁትን ሰዎች ዝርዝር ክፈቱ። ሁሉም 100 በመቶ ከሆኑ ማን ይውሰድላችሁ? ዜሮ አፕሎድ እዚህ ላይ በሽታ አይደለም። ፕሮግራሙን ክፍት ትታችሁ ሥራችሁን ሥሩ።

ሁለተኛ፦ የምትሰጡት አላችሁ ወይ? አውርዳችሁ ስትጨርሱ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ወስዳችሁታል? ስሙን ቀይራችሁታል? ፕሮግራሙ ካስቀመጠበት ካጣው መስጠት ያቆማል። ወደ ቦታው መልሱትና «እንደገና ፈትሽ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡት፤ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አመሳክሮ ይቀጥላል። ፋይሉን ማዘዋወር ከፈለጋችሁ ከፕሮግራሙ ውስጥ አዘዋውሩት።

ሦስተኛ፦ ራሳችሁ ገድባችሁት እንዳይሆን። የአፕሎድ ገደብ ላይ 5 ወይም 10 ኪሎባይት ጽፎ የረሳ ስንቱ ነው! ትራንስሚሽን የምትጠቀሙ የኤሊዋን ምልክት እዩ፤ ከበራች ሆን ብሎ እየተንቀራፈፈ ነው። ኪውቢትቶረንት ላይ በገደቡ ቦታ 0 ማለት «ገደብ የለም» ማለት ነው። ትራንስሚሽን ላይ ግን ገደቡን አብርታችሁ 0 ብትሉ በቁሙ ዜሮ ነው። ይቺ ብዙ ሰው ታሳስታለች። «ይህን ያህል ከሰጠህ በኋላ አቁም» የሚል ልክም ሊኖር ይችላል፤ እሱንም ተመልከቱ።

አራተኛ፦ ከልክ በላይም አትልቀቁት። ዳውንሎድ በምታደርጉበት ጊዜ እንኳ ኮምፒውተራችሁ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይልካል፣ ይሄም በአፕሎድ መስመር ነው የሚሄደው። መስመሩን እስከ ጫፍ ከሞላችሁት መልሱ ይዘገያል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ኢንተርኔት በሙሉ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ እናታችሁ ቪዲዮ ኮል ላይ እያሉ ተቆርጦባቸው ራውተሩን ይነቅሉታል። አፕሎዳችሁን ለኩ፣ የለካችሁትን 80 በመቶ ገደማ ገደብ አድርጉ። ፍጥነት መለኪያው የሚነግራችሁ በሜጋቢት፣ ፕሮግራሙ የሚጠይቃችሁ በኪሎባይት መሆኑንም አትርሱ። 2 ሜጋቢት ማለት 250 ኪሎባይት ነው፤ ስለዚህ 200 ላይ አስሩት።

አምስተኛ፦ ፋየርዎል። ፕሮግራሙን መጀመሪያ ስትከፍቱ ዊንዶውስ «በኔትወርክ እንዲገናኝ ይፈቀድለት?» ብሎ ጠይቋችሁ ነበር። በችኮላ «ሰርዝ» ካላችሁ ከውጭ የሚመጣውን በሙሉ ዘግቶታል። ወደ ፋየርዎሉ ገብታችሁ ለፕሮግራሙ ብቻ ፍቀዱለት። ፋየርዎሉን ጠቅላላ ማጥፋት ግን ቤት ክፍት ጥሎ እንደመውጣት ነው፤ አታድርጉት።

ስድስተኛ፦ የራውተሩ በር። በፕሮግራሙም በራውተሩም ላይ ዩፒኤንፒ የሚለውን ካበራችሁ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ራሳቸው ይነጋገሩና በሩ ይከፈታል። እምቢ ካለ በእጅ ክፈቱ፦ ለኮምፒውተሩ የማይለዋወጥ የቤት ውስጥ አድራሻ ስጡት፣ ከ49152 እስከ 65535 ካሉት አንድ ቁጥር ምረጡ፣ ያንኑ ቁጥር ፕሮግራሙ ላይም ራውተሩ ላይም አስገቡ፣ ለቲሲፒም ለዩዲፒም ፍቀዱ። ትራንስሚሽን ፖርቱ ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚፈትሽ ቁልፍ አለው። ኪውቢትቶረንት ደግሞ ከታች ባለው መስመር ላይ በምልክት ያሳያችኋል።

ሰባተኛ፦ ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ እንቢ ካለ የሳይቱን ዘበኛ ጠርጥሩ። የራውተሩን ገጽ ክፈቱና ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ እዩ። ከዚያ ብራውዘር ላይ «የኔ አይፒ ምንድነው» ብላችሁ ፈልጉ። ሁለቱ ከተለያዩ ወይም ራውተሩ ላይ ያለው በ10፣ በ192.168፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ከላያችሁ ሌላ ዘበኛ አለ። ከዚህ በኋላ ራውተር መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ያላችሁ አማራጭ አቅራቢያችሁን የራስ አድራሻ መጠየቅ፣ ካለ አዲሱን አይፒ ቨርዥን 6 መጠቀም፣ ፖርት የሚከፍት ቪፒኤን መያዝ (ብዙዎቹ አይከፍቱም፣ ሳትጠይቁ አትክፈሉ) ወይም በሩ ክፍት የሆነ ሰው ወደ ቡድኑ ማስገባት ነው።

እኛን ያዳነን የመጨረሻው ነው

ውጭ ሀገር የሚኖር አንድ ወንድማችን ጉዳዩን ሰምቶ ራውተሩ ላይ አንድ ፖርት ከፈተ። ገንዘብ አላወጣም፤ አሥር ደቂቃ ነው የፈጀበት። ያን ማታ «ዕቁቡን በልቶ ጠፋ» ያልነው ልጅ አፕሎዱ ተንቀሳቀሰ! ላፕቶፑ ያን ሁሉ ቀን ክፍት ነበር፣ የሚያንኳኳው በር ነው ያጣው። ከሱና ከመጀመሪያው ልጅ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ተመልሶ ወደ ሁላችን። በሁለተኛው ቀን ፋይሉ ሁላችንም ጋ ገባ፣ ፍላሽ መቅዳት ተጀመረ።

ልጁን ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው። ተቀብሎናል። ግሩፑ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። አንድ ቅንብር ባለማወቃችን የሰው ስም አጠፋን።

«ዳታው በማን ገንዘብ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀም ተማሪ አፕሎድ ያደረገው ሁሉ ከፓኬጁ ይቆረጥበታል። 4 ጊጋባይት አውርዶ 4 ጊጋባይት ከሰጠ 8 ጊጋባይት ወጣ ማለት ነው። እሱን «ስጥ» ብሎ መጫን ግፍ ነው። አውርዶ ቢዘጋው ማንም ሊናገረው አይገባም፤ በፍላሽ ለጎረቤቱ ሲቀዳ ድርሻውን ተወጥቷል።

እኔ የምሞግተው ገደብ የሌለው የቤት ኢንተርኔት ያለውን ነው። ውጭ የሚኖረውን፣ በወር ከፍሎ መስመሩን ሌሊቱን ሙሉ ባዶ የሚያሳድረውን ነው። ለናንተ አንድ ፖርት ምንም አይደለም፣ ለሃምሳ የተዘጋ በር ግን መገናኛ ነው። በየቡድኑ ሁለት ሦስት ክፍት ሰው ይኑር። ፋይል ከመለቀቁ በፊት «ማን ክፍት ነው?» ብለን እንጠይቅ። አንዱ መብራት ቢጠፋበት ሌላው እንዲኖር ከአንድ በላይ ይሁኑ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ቶረንት ላይ አድራሻችሁ አብሯችሁ ላለ ሁሉ ይታያል፤ የተደበቀ ነገር አይደለም። ደግሞም የሰው ድካም አትዝረፉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ትናንት የወጣ መጽሐፍ ወይም ፊልም ሰርቆ መበተን ውለታ አይባልም። ባለቤቱ የፈቀደው፣ ጊዜው ያለፈበት፣ በነፃ የሚሰጥ ሞልቷል። ኡቡንቱና ሊብሬኦፊስ በቶረንት ይወርዳሉ። ኪዊክስ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፒዲያ በቶረንት ያድላል። ኢንተርኔት አርካይቭም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስብስቡን በቶረንት ይሰጣል። መጀመሪያ እነዚህን አዳርሱ።

እንግዲህ ወገን፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ፕሮግራማችሁን ክፈቱና በራችሁ ክፍት ይሁን ዝግ እዩ። ክፍት ከሆነ ለቡድናችሁ «እኔ ክፍት ነኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ዝግ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ነውር የለውም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የአንዱ አፕሎድ ዜሮ ሲሆን ካያችሁ «ለምን አትሰጥም?» አትበሉት። «ፖርትህ ክፍት ነው?» በሉት።